የወንድ ማንኳኪያ

እናቴን ከቤት ያባረሯት በበር ማንኳኪያ ድምፅ ነው። ከወንድ ጋር ያያት ሰው የለም። ድምፅ ተሰማ፣ በቃ። እሷን አስወጥተው እኔን አስቀሩኝ። ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው፤ ልክ አደረጉ ብዬ አስብ ነበር።

እኛ ከተማ፣ ኢራን አገር ያዝድ ውስጥ፣ አሮጌ ቤት ያለው ሰው በሩ ላይ ሁለት ብረት አለው። በአንደኛው ሳንቃ ድፍን የብረት ዱላ፣ በሌላኛው ቀለበት። ዱላው የወንድ ነው፣ ዱም ይላል። ቀለበቱ የሴት ነው፣ ቀጭን ድምፅ አለው። ቤት ውስጥ ያለ ሰው ማን እንደመጣ ሳያይ ያውቃል። በቀለበት ከሆነ ሴት ትከፍታለች፤ በዱላ ከሆነ ወንድ ይከፍታል። ወንድ ከሌለ ሴቲቱ ቻዶሯን፣ ሰፊውን መሸፈኛ፣ ራሷ ላይ ጥላ፣ ከበሩ ጀርባ ቆማ፣ ድምፅዋ እንዳያምር ጠጠር ምላሷ ስር አድርጋ «ማነው?» ትላለች። የኛ ቤት ጠጠር በሩ አጠገብ ግድግዳው ቀዳዳ ውስጥ ነበረች። አንዴ አፌ ከትቻታለሁ። ጨው ጨው ትላለች።

ጠጠሯ የቢቢ ነች። ቢቢ የምንላት የአባቴን እናት ነው። ቤቱም የሷ ነው። አባቴ ባንዳር አባስ ወደብ ላይ ከባድ መኪና ይነዳል፤ ለአዲስ ዓመት ይመጣል፣ ተምር ያመጣል፣ ይሄዳል። ስለዚህ ቤቱ ውስጥ ቢቢ፣ እናቴ ሞኒርና እኔ ነበርን። አጎቴ ዘቢህ እዚያው ሰፈር ይኖራል፤ የወንድ ጉዳይ ሲኖር እሱ ይጠራል።

ጎረቤቶቻችን የኤሌክትሪክ ደወል ማስገባት ጀምረው ስለነበር አጎቴም አንድ ገዝቶ መጣ። ቢቢ ከነካርቶኑ መለሰችለት።

«ይሄ ሲጮህ ወንድ ይሁን ሴት በምን አውቃለሁ?»

«ከፍተው ያያሉዋ፣ እማዬ።»

«ካየሁ በኋላማ ምን ዋጋ አለው!»

በበጋ ከምሳ በኋላ ከተማው በሙሉ ይተኛል። እኛ ምድር ቤት ነው የምንተኛው፣ የነፋስ ግንቡ ስር። ግንቡ ነፋሱን ከላይ እየሳበ ያወርደዋል፤ ከነፋሱ ጋር የውጭው ድምፅ ሁሉ ይወርዳል። ቢቢ ቀለበቱ ሲነካ ከሞት እንቅልፍ ትነሳለች። ለዱላው ግን አትነሳም። «በዚህ ፀሐይ በዱላ የሚያንኳኳ ወይ ለማኝ ነው ወይ የነጭ ጋዝ ሻጭ» ትላለች። እናቴ ትነሳና ትመልሳቸዋለች።

አንድ ቀን ዱላው ተመታ። ቀስ ተብሎ፣ ደግሞም በልክ። ለማኝ እንደዚያ አያንኳኳም፤ ለማኝ ይደበድባል። እናቴ ከጎኔ ተነሳች። ጫማዋን በእጇ ይዛ ደረጃውን ወጣች።

ነጭ ጋዝ ሻጭ ጋ ጫማ በእጅ ተይዞ አይኬድም። ይህን ለማወቅ ስምንት ዓመት ይበቃል።

ቢቢ ታንኮራፋ ነበር። እናቴ ደረጃው ጫፍ ስትደርስ ማንኮራፋቱ ቆመ። የውጭው በር ሲዘጋ ቀጠለ። እንቅልፍ እንዲህ ነው ብዬ ዝም አልኩ።

እናቴ ሻይ ሳይፈላ ተመለሰች። ፊቷ ቀልቷል። እንደተኛች ሆና ተነሳች፣ አዛጋች፣ ፀጉሯን አስተካከለች። ሳቅፋት ቤንዚን ቤንዚን ሸተተችኝ።

ቤንዚን ለኔ የወንድ ሽታ ነው። አባቴ የሚሸተው እንደዚያ ነው። አባቴ ደግሞ የለም።

ከዚያ በኋላ ዓይኔን ከሷ ላይ አልነቀልኩም። በየጥቂት ቀኑ ዱላው ይመታል፣ እሷ ትወጣለች። ራት ላይ ምንጣፉ ላይ ተቀምጣ እግሯ ብቻውን ይንቀሳቀሳል፤ ግራውን ትረግጥና ቀስ እያለች ትለቃለች፣ ያኔ ቀኙ ይረግጣል። ጂኒ ገባባት አልኩ። ሾርባ ስታማስል ደግሞ ጭልፋውን ወደፊት ትገፋለች፣ መሀል ላይ ታቆማለች፣ ወደ ጎን ታደርግና ወደኋላ ትስባለች። ከንፈሯ ይንቀሳቀሳል። ድግምት ነው ብዬ ሾርባውን ተውኩት።

«ምነው አትበይም?» አለችኝ።

«ሆዴን አመመኝ።»

ቢቢ ከሳህኗ ቀና አለች። «ልጅቷ የምታውቀውን ታውቃለች» አለች። እናቴ ጭልፋውን ቁጭ አደረገች።

አንድ ቀን ቀትር ላይ እናቴ ስትወጣ ተከትዬ ጣሪያ ላይ ወጣሁ። ጭቃው እግሬን ያቃጥላል። የቅያሱ ጫፍ ላይ ነጭ ፔይካን መኪና ቆሟል። ሹፌሩ ክንዱን መስኮቱ ላይ አድርጎ ያጨሳል። አጭር ፀጉር፣ ጥቁር መነጽር። እናቴ ቻዶሯን በጥርሷ ይዛ ሮጠች። ደግሞ የሄደችው በሹፌሩ በኩል ነው! ሰውየው ተጠጋላት፣ ቦታ ለቀቀላት፣ እሷ ገብታ ተቀመጠች። መኪናው ዘለል፣ ዘለል አለና ቆመ። ሳቃቸው እስከ ጣሪያው ድረስ ተሰማኝ። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ ሰምቼ አላውቅም። አለቀስኩ።

ያ ሰውዬ ስሙ ኢራንዶኽት ነው። ሴት ናት፤ አዲሱ የልጃገረዶች ትምህርት ቤት ዳይሬክተር። ፀጉሯን የተላጨችው ታይፎይድ ይዟት ስለነበር ነው። እናቴ በጭልፋው ትለማመድ የነበረው የመኪና ማርሽ፣ በእግሯም ፍሪሲዮን ነው። ይህን ሁሉ ያወቅሁት ቆይቼ ነው፤ የጣሪያው ጊዜ ግን ወንድ ነበር፣ አለቀ።

በዚያው ሰሞን አጎቴ ዘቢህ መጣ። ቢቢ ሾጣጣውን ስኳር በትንሽ መዶሻ ትሰባብራለች፤ እኔ የሚፈናጠረውን እለቅማለሁ። እናቴ ጓዳ ናት።

«የወደቧ ወለደች» አለ አጎቴ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

መዶሻው ቆመ። «ምን?»

«ወንድ።»

ቢቢ ዓይኗን ጨፈነች። «አምላክ ሆይ፣ ሳልሞት!» አለች። ከዚያ መዶሻዋን ወደ ጓዳው ቀሰረች። «ይቺንስ ምን እናድርጋት?»

«ያለ ምክንያት እንዴት ይሆናል፣ እማዬ? ሰው ምን ይላል?»

«ምክንያትማ በእግሩ ይመጣል። በሩን ልስማ ብቻ።»

አባቴ መኪናው ውስጥ የምታድር ድመት ወደቡ ላይ እንዳለችው ነግሮኝ ነበር። ደስ አለኝ። «አጎቴ፣ አንዱን ለኔ ያምጡልኝ!» አልኩ።

ሁለቱም ዞረው አዩኝ። አጎቴ መጀመሪያ ደነገጠ፣ ከዚያ ሆዱን ይዞ ሳቀ። ቢቢ አልሳቀችም። አንድ ትልቅ ስኳር አፌ ውስጥ ከተተችና «የሰማሽውን ዋጪው» አለችኝ። ለእናቴ አልነገርኳትም። የድመት ግልገል ይመጣልኛል ብዬ ጠበቅሁ።

የዚያን ቀን፣ የመጨረሻውን ማለቴ ነው፣ ቢቢ አላንኮራፋችም። ዱላው ተመታ፣ እናቴ ጫማዋን ይዛ ወጣች። በሩ እንደተዘጋ ቢቢ ቁጭ አለች። እንደተኛ ሰው ዓይኗን እንኳ አላሸችም። ቀጥ ብላ ወጥታ መወርወሪያውን ዘጋችና የበሩ መግቢያ ላይ ካለው የድንጋይ መቀመጫ ላይ ተቀመጠች። አጎቴ ከእንግዳ ክፍል ብቅ አለ። ከምሳ ጀምሮ እዚያ ነበር ለካ። እኔ ከቢቢ ጀርባ ቆምኩ። ጠበቅን። አጎቴ ጥርሱን ይጎረጉራል።

ቀለበቱ ተነካ። እናቴ ናት።

«በሱ አይደለም!» ብላ ጮኸች ቢቢ። «እንግዳሽ በሚያንኳኳበት አንኳኪ!»

«ቢቢ፣ ይክፈቱልኝ። ፀሐይ ላይ ነኝ።»

«ማን ነው የመጣው?»

«ሴት ናት። ኢራንዶኽት ናት፣ የትምህርት ቤቷ።»

«ሴት ቀለበቱን ትታ ዱላ ታነሳለች? በየት አገር?»

«በቀለበት ብታንኳኳ እርስዎ ይነሱ ነበራ!»

ቢቢ ጉልበቷን መታች። «ሰማህ፣ ዘቢህ? ከአፏ ሰማህ? እንዳልነሳ ነው!»

«ሴት ለሴት ምን ያስደብቃል?» አለ አጎቴ በበሩ ስንጥቅ።

«መኪና መንዳት እያስተማረችኝ ነው።»

አጎቴ ከልቡ ሳቀ። የቅያሱ መስኮቶች መከፈት ጀምረው ነበር። «መኪና? አንቺ? ብስክሌት ስታዪ ግድግዳ የምትለጠፊው?»

«ጥራትና ጠይቃት! ቅያሱ ጫፍ ላይ ናት!»

«ማንን ልጥራ? ሚዜሽን?»

ከማዶ ያለችው ጎረቤት ከመስኮቷ «በሩ ይከፈትላት፣ በዚህ ሙቀት!» አለች። ሌላዋ «አንቺ ዝም በይ፣ ዱላውን እኔም ስሰማው ከርሜያለሁ» ብላ መለሰችላት። ሁሉም ሰምቷል። ያዝድ ውስጥ ብረት አይዋሽም።

እኔን ማንም የጠየቀኝ የለም። ብጠየቅ ኖሮ ወንድ ነው እል ነበር።

«ራእናን ስጡኝ» አለች እናቴ። አሁን ድምፅዋ ሌላ ነው።

«ልጅቷ የወንድሜ ናት» አለ አጎቴ። «አንቺ ወደ እናትሽ ቤት ሂጂ፣ ታፍት። ቻዶርሽና ሻንጣሽ ይላክልሻል።»

ቀለበቱን መታችው፣ መታችው፣ መታችው። ቢቢ መቁጠሪያዋን ታንከባልላለች። ከዚያ ድምፁ ቆመ። መኪና ሲነሳ ሰማሁ። ይኸው ጥላኝ ከሰውዬው ጋር ሄደች አልኩ።

በማግስቱ ኢራንዶኽት ልትመሰክር መጣች፣ በቀለበቱ አንኳኩታ። ቢቢ ከፈተች፣ ከራስ ፀጉሯ እስከ ጫማዋ አየቻት፣ «ትናንት በወንዱ፣ ዛሬ በሴቱ፤ ነገ ደግሞ በምን ትመጫለሽ?» ብላ ዘጋችባት። እኔ ግቢው ገንዳ ዳር ሆኜ በሩ ሲዘጋ ብቻ ነው ያየሁት። ማን ነበረች ስል «የሰውዬው መልእክተኛ» ተባልኩ።

በበጋው መጨረሻ፣ ሁላችንም ምድር ቤት ተኝተን፣ ዱላው እንደገና ተመታ። ያውም በሰፊው፣ ዱም ዱም ዱም። ቢቢ ተፈናጥራ ተነሳች። ለዱላ! ቻዶሯ ግማሹ መሬት ላይ እየተጎተተ፣ ባዶ እግሯን ሮጠች። ጠጠሯንም አላነሳችም፣ «ማነው»ም አላለችም፤ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችው።

በሩ ላይ አንዲት ሴት ቆማለች። የደቡብ ባሕር ዳርቻ ሴቶች የሚያደርጉትን የፊት ጭንብል አድርጋለች፣ ቀይ በወርቅ ክር የተጠለፈ። ሕፃን ታቅፋለች። አባቴ ከኋላ፣ ዋናው መንገድ ላይ ሻንጣ ያወርዳል።

ቢቢ ሕፃኑን ከእጇ ነጠቀቻት። ጨርቁን ገለጠች፣ አየች፣ አለቀሰች። አባቴ ሲደርስ ፀጉሬን አሻሸና «ወንድምሽን አየሽው?» አለኝ። እኔ ጨርቁ ውስጥ የድመት ግልገል እየፈለግሁ ነበር። ያኔ ነው የወደቧ ማን እንደሆነች የገባኝ።

ሴትዮዋ ሸሪፋ ትባላለች። ክፉ አልነበረችም። ለሷም ሌላ ሚስት አለችው ያላት የለም፤ ይህን ራሷ ናት በኋላ የነገረችኝ። ያን ቀን ግን ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀኝ። ጭንብሏን ፈትታ ውሃ ስትጠጣ አጠገቧ ቆምኩ።

«ለምን በዱላው አንኳኳሽ?»

«የቱ ዱላ?»

«የወንዱ።»

«እኔ ምን አውቄ! ሕፃን ታቅፌ እጄ የደረሰበትን ነዋ የያዝኩት።»

«ሴት አትነካውም።»

«እኛ ጋ በርም የለ፣ ልጄ። መጋረጃ ገልጠሽ ‹እንዴት ዋላችሁ› ነው» ብላ ሳቀች። ጥርሷ ላይ ወርቅ አለ።

ወደ ቢቢ ሄድኩ። ሕፃኑን ጭኗ ላይ አድርጋ ትወዘውዛለች። «ቢቢ፣ ሴት ናት። በዱላው ነው ያንኳኳችው።»

«ዝም በይ፣ ይነቃል።»

«ሴትም በዱላው ማንኳኳት ትችላለች ማለት ነው።»

ቢቢ መወዝወዟን አላቆመችም። ዓይኗ ብቻ ወደኔ መጣ። «ወጥተሽ ገንዳው ዳር ተጫወቺ» አለችኝ።

ሄድኩ፤ ግን አልተጫወትኩም። በዱላው ያንኳኳች ሴት ካለች፣ ያ አጭር ፀጉር የወንድ ነው ያለው ማነው? ሌላ ማንም አይደለም፣ እኔ ነኝ፣ ከጣሪያ። ቢቢስ? ለዱላ የማትነሳዋ ቢቢ ዛሬ እንዴት ተነሳች? ማን እንደሚመጣ ታውቅ ነበር። ከመቼ ጀምሮ? በማግስቱ ቀትር ላይ ስታንኮራፋ ጆሮዋ ስር ተጠግቼ «የሞኒር ሰውዬ» አልኩ። ማንኮራፋቱ ቀጥ አለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ እሷ የሰጠችኝን ምግብ መጀመሪያ ለሰፈሩ ድመት ነበር የምሰጠው። ድመቷ ወፈረች።

አባቴ ጥቂት ቀን ሰንብቶ ወደ ወደቡ ተመለሰ። እናቴን አንድም ጊዜ በስሟ አላነሳትም።

መኸር ገባ። የሰፈራችን ትምህርት ቤት ግድግዳው ተሰንጥቆ ተዘግቷል፤ ልጃገረዶቹ በሙሉ ወደ አዲሱ ተዛውረዋል፣ እሱ ደግሞ ከከተማው ወጥቶ የታፍት መንገድ ላይ ነው። የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ቤት ለቤት እየዞረ መጣ። አጎቴ ነው የከፈተለት።

«ጠዋት ሚኒባስ መጥቶ ይወስዳታል» አለ ዘበኛው።

«ማን ነው የሚነዳው? በጸደይም ነግሬያችኋለሁ፤ የወንድሜ ልጅ ከባዕድ ወንድ ጋር መኪና ውስጥ አትቀመጥም።»

«ሴት ናት የምትነዳው፣ ጌታዬ።»

«ሴት?»

«ወላጁ ሁሉ እንደርስዎ ሲል ምን እናድርግ! ሴት ተፈለገች፣ ተገኘች።»

አጎቴ ዞሮ ቢቢን አያት። ቢቢ ሕፃኑን እያስገሳች ነበር። «ትሂድ» አለች። «ቤቱም ጠቧል። ስትሰልል ነው የምትውለው።»

ሁለቱም አላገናኙትም። እንዴት ያገናኙት? እናቴ መኪና እየተማርኩ ነው ያለችውን እነሱ ራሳቸው ውሸት ነው ብለው ፈርደዋል። በጸደይ ኢራንዶኽት ለዚሁ ለሚኒባሱ ጉዳይ መጥታ አጎቴ እንደዚያ ብሎ ሲመልሳት እናቴ ከበሩ ጀርባ ቆማ ትሰማ እንደነበርም አያውቁም። ኢራንዶኽት አንዲት ሴት ሹፌር ያዝድ ውስጥ ፈልጋ አጥታ ነበር። እናቴ ደግሞ እኔ ከትምህርት ቀርቼ ቤት እንድውል ስላልፈለገች መንዳት ልትማር ተስማማች። ነገሩ ይኸው ነው፣ ሌላ ሚስጥር የለውም።

ጠዋት ሸሪፋ ፀጉሬን ጎነጎነችልኝ፣ ዳቦና አይብ ጠቀለለችልኝ። ቢቢ ከበሩ አልወጣችም። ብቻዬን ወደ ቅያሱ ጫፍ ሄድኩ። ሚኒባሱ ቆሟል፣ ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ልጆች ሞልተውበታል፣ ይጮሃሉ። ደረጃውን ወጣሁ። ሹፌሯ ጥቁር መነጽር አድርጋለች፣ ሻርፕ አስራለች። ከስታለች። መነጽሩን አወለቀች።

እናቴ ናት።

አልጠመጠምኩባትም። ከኋላዋ ያሉትን ወንበሮች አየሁ፣ ዝቅ ብዬ ከወንበሮቹ ስርም አየሁ።

«ምን ጠፋብሽ?» አለችኝ።

«ሰውዬውስ?»

«የቱ ሰውዬ?»

«ያንቺው።»

አንዷ ልጅ ሳቀች። እናቴ አልሳቀችም። ከኋላችን አህያ የሚነዳ ሰው መንገድ ልቀቁ እያለ ይጮሃል።

«ሰውዬ የለም፣ ራእና። ኖሮም አያውቅም።»

«ቢቢ አለ ብላለች።»

«አንቺስ?»

አላመንኳትም። አላመንኳትምም አላልኳትም። «እንጃ» አልኩ።

«ከኋላዬ ተቀመጪ» አለችኝና መነጽሩን አደረገች።

ከከተማው ወጣን። ልጆቹ ይዘፍናሉ። እኔ መስታወቱ ውስጥ እሷን አያለሁ፣ እሷ መንገዱን ታያለች፤ አንዳንዴ እኔን። ትምህርት ቤቱ በር ላይ ኢራንዶኽት ቆማ ጠበቀችን። ፀጉሯ አድጎ ጆሮዋ ድረስ ደርሷል። ከቅርብ ሳያት የማንም ሰው አክስት ትመስላለች። ልጆቹ እየተገፋፉ ወረዱ። እኔም ቦርሳዬን ይዤ ተነሳሁ።

ኢራንዶኽት ከውጭ ሆና እናቴን አየቻት። «በመውጫ ሰዓት መኪናው ያስፈልገኛል» አለች።

«ይደርሳል» አለች እናቴ። ከዚያ ወደኔ ዞረች። «ተቀመጪ።»

በሩን ዘጋች። መኪናውን አላዞረችም፤ ወደ ታፍት፣ ወደ እናቷ ቤት፣ ሽቅብ ነዳችው።